የአክስት አፖሎኒያ ፖፒ በአራተኛው አዋጅ ፊት

ስታራ ቮላ፣ ጁላይ 18 ቀን 2000

የተወደድክ ልጄ ሴቨሪን፣

ጌታ ይመስገን። እመቤታችን በዚያ በብርዳሙ ስዊድን በጤና ትጠብቅህ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ከፋሲካ ወዲህ አልጻፍኩልህም፤ አንተም አልጻፍክልኝም፤ ስለዚህ እኩል ነንና አንወቃቀስ።

የምጽፍልህ ዘሩን ፈጭቼ የዋዜማ ዳቦ ስለምሞላበት ስለ ፖፒ አበባዬ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ፖሊስ መጣብኝ። ፖሊስ ስልህ ሌላ ሰው አይደለም፤ የጎረቤቴ የጌኖቬፋ ልጅ ዜሞቪት ነው። ቆቡን አውልቆ በር ላይ ቆመና፣ «እማማ አፖሎኒያ፣ ጓሮዎ ውስጥ ያለው ፖፒ ፈቃድ አለው?» አለኝ። «እናትህ ለካሮቷ ፈቃድ አላት?» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት የከተማ ጎረምሶች ያልበሰለ የፖፒ ራስ፣ ለሚያደነዝዘው ወተቱ፣ በከረጢት ሞልተው መንገድ ላይ ተያዙ። ከየት አመጣችሁ ሲባሉ «ስታራ ቮላ ካለች አንዲት አሮጊት ጓሮ» ብለው ተናገሩ። የተሰረቅኩት እኔ፣ የምጠየቀው እኔ!

ዜሞቪት ክፉ ልጅ አይደለም። ብዕሩን ይዞ፣ «እማማ፣ ይህ ያ ሞርፊኑ ያነሰው አዲሱ ዘር ነው አይደል? ከሱቅ የሚገዛው?» አለኝ። ደሜ ፈላ። «የሱቅ? እኔ? ይህ የባሌ የሂዬሮኒም እናት ከጦርነቱ በፊት ስትዘራው የኖረችው እውነተኛው ፖፒ ነው! የሱቁን ለእናትህ ንገራት፤ እሷ ናት የገና ዋዜማ ዳቦዋን በሰጋቱራ የምትሞላው» አልኩት።

«እማማ፣ ጥያቄውን ልድገምልዎት» አለ።

«ድገመው፤ እኔም መልሴን እደግምልሃለሁ።»

ወደ ላይ አየ፤ ተነፈሰ፤ ከዚያ ጻፈ። ፈረምኩ።

አንተ የሕግ ሰው ነህ። ስለዚሁ ስለ አገራችን የዕፅ ሕግ ታሪክ መጽሐፍ እየጻፍክ መሆኑን እህትህ ነግራኛለች። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ፖፒውን ልንቀለው ወይስ ልተወው? አንድ ቃል ይበቃኛል።

አክስትህ አፖሎኒያ

~

ጎተንበርግ፣ ኦገስት 3 ቀን 2000

የተከበሩ አክስቴ፣

ለእርስዎ ጤና፣ ለጉልበትዎ ብርታት፣ ለቤትዎ ሰላም እመኛለሁ። ደብዳቤዎን ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፤ «ፈረምኩ» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ተቀመጥኩ።

አክስቴ፣ ያደረጉትን ነገር ያውቁታል? አሁን ያለው የ1997 አዋጅ ሁለት በር አለው። ሞርፊኑ ያነሰውን ፖፒ ያለ ፈቃድ የዘራ ሰው የሚጠብቀው መቀጮ ነው፤ ከፍሎ ቤቱ ይገባል። አሮጌውን፣ እርስዎ «እውነተኛው» የሚሉትን የዘራ ግን ወንጀለኛ ነው፤ ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ፍርዱ እስር ሊሆን ይችላል። ያ ልጅ በመጀመሪያው በር ሊያስወጣዎት ክንድዎን ይዞ ሲጎትት፣ እርስዎ አስለቅቀው በሁለተኛው በር ዘለው ገቡ። በፊርማ!

እንዲህ የሆነው ሕጉን ማንም አስረድቶዎት ስለማያውቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ እኔ ላስረዳዎት። የ1923ቱ የመጀመሪያው አዋጅ ዓይኑ በነጋዴና በመድኃኒት ቤት ላይ ነበር፤ ስለ ኦፒየም፣ ስለ ሞርፊን፣ ስለ ኮኬይን ይናገራል እንጂ ስለ አንዲት ገበሬ ጓሮ አያውቅም። የ1951ዱም መንፈሱ ያው ነው፤ የመድኃኒት ዕቃ ቤት ሕግ ነው። ከዚያ በሰባዎቹ ዓመታት ተማሪዎች ከፖፒ አገዳ በወጥ ቤት ድስት የሚወጋ ነገር ማብሰል ተማሩ። መንግሥት በሶሻሊስት አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም አለ። የሌለው ነገር ሲገድል እያየ ዓመታት ተቀመጠ። በ1985 ተነሣና ሦስተኛውን አዋጅ አወጣ። ያኔ ነው ፖፒ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድና ውል የሚጠየቅበት ተክል የሆነው። አራተኛው የ1997ቱ ነው። እርስዎ የቆሙት እዚህ ላይ ነው።

ለጥያቄዎ መልስ፦ አይንቀሉት፤ ማስረጃ ማጥፋት ይባላል። አይኮትኩቱት፣ ውኃም አያጠጡት፤ ማልማት መቀጠል ይባላል። ዳግመኛ ምንም አይፈርሙ። ከእንግዲህ የሚጠይቅዎ ሁሉ «የትኛው ዘር እንደሆነ አላውቅም» የሚል መልስ ብቻ ያግኝ። ከአዋጆቹ ውስጥ ስለ ፖፒ የሚናገሩትን አንቀጾች ገልብጬ አያይዤልዎታለሁ።

አክባሪዎ ሴቨሪን

~

ስታራ ቮላ፣ ኦገስት 24 ቀን 2000

ልጄ ሴቨሪን፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ጌታ ትዕግሥት ይስጥህ፤ ለእኔም ይጨምርልኝ።

አንድ ቃል ጠየቅኩህ፤ ስድስት ገጽ ላክህልኝ። ከንጉሡ ዘመን ብትጀምር ደግሞ ደስ ይለኝ ነበር! አትንቀይ፣ አትኮትኩቺ፣ አታጠጪ። ታዲያ ምን ላድርግ፣ አጠገቡ ቆሜ ልጸልይለት? ደብዳቤህ ሳይደርስ ፖሊሶቹ ራሳቸው መጥተው ነቀሉት። ዜሞቪት በዚያ ሙቀት ላቡ እየተንጠባጠበ፣ አለቃው እያየው፣ አንድ በአንድ። አለቃው «ሥሩን እንዳታስቀር» ይለዋል፣ ልጁ «እሺ» ይላል፣ እኔ መስኮት ላይ ቆሜ «የሽንኩርቴን መደብ አትርገጥ!» እላለሁ። ለላቦራቶሪ የሚሆን ወሰዱ፣ የቀረውን አቃጠሉት። ማሰሮ ውስጥ ያስቀመጥኩትንም ዘር ወሰዱ።

አሁን ደግሞ አላውቅም በይ ትለኛለህ። እኔ አፖሎኒያ፣ ጓሮዬ የዘራሁትን አላውቅም? በዋዜማው ማታ መንደሩ ሁሉ ምን እንደሚበላ ረሳህ? የፖፒ ጥቅሉን ዳቦ የሚጋግሩት ሁሉ መጥተው ከእኔ ዘር ይወስዳሉ። ቄሱ ቤቴ ሲገባ ሌላውን ምግብ በዓይኑ ዘሎ ነው የኔን ዳቦ የሚፈልገው። ስንት ዓመት ሙሉ የሱቅ ፖፒ የሚገዙትን ሴቶች ስሳደብ ኖሬ፣ አሁን ሸንጎ ፊት «ምናልባት የሱቅ ይሆናል» ልበል? ጌኖቬፋ እስክትሞት ትስቅብኛለች፤ ከሞተችም በኋላ።

ስድስት ገጽ አልፈልግም። አንተን እፈልጋለሁ። ኦክቶበር ላይ ዐቃቤ ሕግ ፊት እቀርባለሁ፤ ያኔ ና። መጥተህ አጠገቤ ቁም። ከሄድክ ጀምሮ አገርህን አላየህም። ለሂዬሮኒም ቀብር አልመጣህም። አላነሳሁብህም፤ አሁንም አላነሳብህም።

አክስትህ

~

ጎተንበርግ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2000

የተከበሩ አክስቴ፣

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝዎት። መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጽሐፉን ለአሳታሚው የማስረክበው በዚህ ዓመት መጨረሻ ነው፤ ኦክቶበር ላይ መምጣት አልችልም።

ቀሪውን ግን ተቆጥቼ ነው የምጽፍልዎት፤ ይቅርታም አልጠይቅበትም። ዘንድሮ ስለ ፖፒ የሚኩራሩበት ዓመት አይደለም! የ1997ቱ አዋጅ አንዲት ሰብዓዊ ዐረፍተ ነገር ነበረችው፤ ለራሱ መጠቀሚያ ጥቂት የያዘ ሰው አይቀጣም የምትል። ሦስት ዓመት ሳይሞላት ፓርላማው ሊሰርዛት ተሰብስቧል። ቃለ ጉባኤውን አስልኬ አነበብኩት። አንዱ ተነሥቶ ፖሊስ ነጋዴውን ሊይዝ አልቻለም ይላል፤ ሌላው ተነሥቶ እንግዲያው ነጋዴ ያልሆነውን እንያዝ ይላል፤ ይጨበጨባል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሕግ ሲጽፉ፣ ሲሰርዙ፣ ሲጽፉ አንድም ሰው «ባለፈው የጻፍነው ምን አመጣ?» ብሎ አልጠየቀም። እንዲህ ባለው ወር፣ እንዲህ ያለ ስሜት ባለበት አገር፣ እርስዎ ዐቃቤ ሕግ ፊት ቀርበው «ሞርፊን ያለበትን፣ ምርጡን ነው የዘራሁት» ሊሉ ነው?

እለምንዎታለሁ። «ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ዘሩን አላስታውስም» ይበሉ። ውሸት አይደለም፤ ዕድሜዎ ገፍቷል። ጌኖቬፋ ትስቅ። በሳቅ የታሰረ ሰው የለም።

አክባሪዎ ሴቨሪን

~

ስታራ ቮላ፣ ኦክቶበር 17 ቀን 2000

ሴቨሪን፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ጉልበቴ አልጠየቅከኝም፤ ብሷል።

ዜሞቪት ትናንት ሳይክሉን በአጥሩ ላይ ጥሎ እየሮጠ ገባ። ሰው የሞተ መሰለኝ። «እማማ አፖሎኒያ፣ ነጻ ነዎት!» ብሎ አቀፈኝ። የላቦራቶሪው መልስ መጥቷል። ፖፒው ሞርፊኑ ያነሰው ነው። የአሁኑ ዘር። የሱቁ!

«ተሳስተዋል» አልኩት።

«እማማ፣ ላቦራቶሪ ነው እኮ።»

«ላቦራቶሪው ዳቦዬን በልቶ ያውቃል?»

«እማማ፣ በማርያም፣ ደስ ይበልዎት እንጂ! ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን ዘጋ። አሁን የሚቀርቡት ከተማ ወዳለው የደንብ መተላለፍ ሸንጎ ነው። መቀጮ ነው፤ አለቀ።»

ልጁ ደስታው ሲጠፋበት አየሁ፤ አዘንኩለት፤ ግን እንዴት ደስ ይለኛል? የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት ላይ አፖሎኒያ የሱቅ ፖፒ ትዘራለች ተብሎ ተጻፈ። ናሙናውን ከሌላ ሰው ጋር ቀላቅለውት ነው እንጂ ይህ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ይግባኝ ጻፍልኝ። እንደገና ይመርመር። ጠበቃ ማለት ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?

አፖሎኒያ

~

ጎተንበርግ፣ ኦክቶበር 24 ቀን 2000

የተከበሩ አክስቴ፣

በፈጣን ፖስታ ነው የላክሁት፤ ሰላምታው አጭር ነው፤ ደህና ይሁኑ።

አይሆንም። ይግባኝ የሚባለው ሰው ሲፈረድበት ነው፤ ነጻ ሲወጣ አይደለም። ሕግ ካጠናሁ ጀምሮ «የለቀቃችሁኝ በስሕተት ነው፣ እሰሩኝ» ብሎ የጠየቀ ባለጉዳይ አላየሁም፤ የመጀመሪያዋ ከገዛ ዘመዶቼ መሆን አለባት? የሱቅ ፖፒ መንግሥተ ሰማያት የላከልዎ ስጦታ ነው። ይቀበሉ። ዝም ይበሉ።

ሴቨሪን

~

ስታራ ቮላ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 2000

ልጄ ሴቨሪን፣

ሰላም ለነፍስህ፤ ሙታኖቻችንንም ጌታ ያሳርፋቸው። ከአንዱ በስተቀር።

በቅዱሳን ሁሉ ቀን ሻማዬንና አበባዬን ይዤ ወደ ሂዬሮኒም መቃብር ሄድኩ። መንደሩ ሁሉ እዚያ ነው፤ ሁሉም ኮቱን ለብሶ፣ ሁሉም የሌላውን መቃብር በዓይኑ እየለካ። ወንድሙ ቴሌስፎር ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ነበር። «ቴሌስፎር፣ መንግሥት ፖፒዬን የሱቅ ነው አለኝ፤ ሂዬሮኒም ቢሰማ ከመቃብሩ ይነሣ ነበር» አልኩት።

ቀጥ ብሎ የቆመውን ሻማ ሊያቀና ጎንበስ አለ።

«አፖሎኒያ፣ ሰው እያየን ነው። ፈገግ በይ።»

«ለምን?»

«አንቺ መጀመሪያ ፈገግ በይ፤ ከዚያ እነግርሻለሁ።»

ፈገግ አልኩ። ነገረኝ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አዲሱ ዘር በገበያ እንደወጣ፣ ሂዬሮኒም የአዋጁን ነገር፣ አሮጌውም ዘር ሊከለከል መሆኑን ጋዜጣ ላይ አንብቦ እንቅልፍ አጣ አለኝ። ሁለቱ አብረው በቴሌስፎር መኪና ሄደው አዲሱን ዘር ገዙ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ የእናቱን ዘር ምድጃ ውስጥ ከተተው፤ ማሰሮውን በአዲሱ ሞላው። ከዚያ ወዲህ የዘራሁት፣ የፈጨሁት፣ ለመንደሩ ያደልኩት፣ ቄሱ የመረቀው፣ ሁሉም የሱቅ ነው። ዘጠኝ ዋዜማ!

«ለምን አልነገረኝም?» አልኩት።

«ሁለት ጊዜ ሊነግርሽ ተነሥቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የሱቅ ፖፒ የሚገዙትን ስትሳደቢ አገኘሽ።»

ሴቨሪን፣ እዚያ ቆሜ ባሌን ያልኩትን ሁሉ ልጽፍልህ አልችልም፤ ወረቀቱ ይፈራል። ግን ሰው በዙሪያዬ ስለነበር ሁሉንም ጥርሴን ነክሼ፣ በሹክሹክታ፣ ፈገግ እያልኩ ነው ያልኩት። ጌኖቬፋ አጠገቤ ስታልፍ ቆመችና፣ «እንዴት ያለ ፍቅር ነው! ሞቶም ታዋሪዋለሽ» አለችኝ። «አዎ፣ ብዙ የምንነጋገረው ጉዳይ አለን» አልኳት።

ይግባኙን ተወው። አሁን የምለምንህ ሌላ ነው። የሸንጎው ቀጠሮ ዲሴምበር 5 ነው። ያ ወረቀት ሰው ፊት እንዳይነበብ አድርግልኝ። ስሜን ብቻ አትርፍልኝ፤ መቀጮውን እከፍላለሁ።

አክስትህ

~

ጎተንበርግ፣ ኖቬምበር 18 ቀን 2000

የተከበሩ አክስቴ፣

ለአጎቴ ሂዬሮኒም ዕረፍትን፣ ለእርስዎ ጽናትን እመኛለሁ። ስለ እርሱ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስለ እርሱ ወደፊት እጽፍልዎታለሁ። አሁን ስለ ሸንጎው።

የምርመራው ወረቀት እንዳይነበብ ማድረግ አይቻልም። ነገር ግን በደንብ መተላለፍ ሸንጎ ቀን የሚመጣ ሰው የለም፤ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው እያዛጉ ይሰሙታል፤ አለቀ። አደጋው ሌላ ቦታ ነው፤ ይህን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። በሸንጎው ፊት አሮጌው ዘር ነው የሚል ነገር በምስክር ቃል ከተነሣና ሰብሳቢው ከተጠራጠረ፣ መዝገቡን ወደ ዐቃቤ ሕግ መልሶ መላክ ይችላል። ያኔ ከመጀመሪያው ይጀመራል። ፓርላማው ደግሞ ያቺን ዐረፍተ ነገር ሰርዟታል፤ አሁን ማንም ዐቃቤ ሕግ ለዘብተኛ መስሎ መታየት አይፈልግም።

ስለዚህ ሦስት ነገር። ብቻዎን ይሂዱ። «አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ» ይበሉ። ወደ ቤትዎ ይመለሱ። ለማንም፣ ለማንም ቀኑን አይንገሩ።

ሴቨሪን

~

ስታራ ቮላ፣ ዲሴምበር 8 ቀን 2000

ልጄ ሴቨሪን፣

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከቤቴ ሆኜ ነው የምጽፍልህ። ይህን ስታነብ ተቀመጥ።

ቀኑን ለማንም አልነገርኩም። በእመቤታችን እምላለሁ። ግን ዜሞቪት የጌኖቬፋ ልጅ ነው፤ ጌኖቬፋ ደግሞ አፍ አላት። አውቶቡሱ ሲመጣ የመንደሩ ሴቶች በሙሉ የእሑድ ሻርፓቸውን አድርገው ፌርማታው ላይ ቆመዋል። «ወዴት ናችሁ?» አልኩ። «ገበያ» አሉኝ። በማክሰኞ!

ሸንጎው ገቡ። ወንበር ሞሉ። ሰብሳቢዋ ወጣት ሴት ናት፣ ጉንፋን ይዟታል። ወረቀቱን አነበበች። «ሞርፊኑ ያነሰ ዝርያ» ስትል ከኋላዬ እንደ ንብ መንጋ ያለ ድምፅ ተሰማ። እኔ አንተ እንዳልከኝ «አዎ፣ ጥፋተኛ ነኝ» አልኩ። ሰብሳቢዋ ብዕሯን አነሣች። አበቃ ስል ጌኖቬፋ ብድግ አለች።

«ክብርት ሰብሳቢ፣ ይህ ውሸት ነው! ይህችን ሴት ስሟን ሊያጠፉ ነው። የአፖሎኒያ ፖፒ እውነተኛው ነው። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ እየበላሁት ያደግኩ ነኝ። እኔም ከሱቅ የምገዛ ሰው ነኝ፣ ልዩነቱን አውቀዋለሁ!»

«እኔም እመሰክራለሁ!» አለች አንዷ። «እኔም!» አለች ሌላዋ። «በወንጌል እምላለሁ!» አለች የደወል ደዋዩ ሚስት።

ዜሞቪት በሩ ላይ ቆሟል። «እማዬ፣ ተቀመጪ። እማዬ፣ ስለ ፈጠረሽ ተቀመጪ» ይላል።

«አንተ ዝም በል! የዚችን ሴት ፖፒ የነቀልክ!»

ሰብሳቢዋ አፍንጫዋን ጠርጋ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አየች። «እነዚህ ሁሉ ሴቶች አሮጌው ዘር ነው ካሉ ጉዳዩ የእኛ አይደለም። መዝገቡን ለዐቃቤ ሕግ መመለስ አለብኝ» አለች። ሴቶቹ ይህን ሲሰሙ ያሸነፉ መስሏቸው አጨበጨቡ።

አንተ ስድስት ገጽ የጻፍክልኝ ሁሉ ያኔ ገባኝ፣ ሴቨሪን። በፍቅር ወደ እስር ቤት እየወሰዱኝ ነበር።

ዞርኩ። «ጌኖቬፋ፣ ተቀመጪ» አልኳት። «የሱቅ ነው። ሂዬሮኒም ነው የለወጠው፤ ከእኔ ተደብቆ። አሮጌውን አቃጥሎ አዲሱን አስቀመጠልኝ፤ ቴሌስፎር ያውቃል፤ አስጠርታችሁ ጠይቁት። ዘጠኝ ዓመት የበላችሁት የሱቅ ፖፒ ነው። ሁላችሁም። ቄሱም።»

አንድ ሰው እንኳ አላሳለም፤ ሰብሳቢዋም ጉንፋኗን ያዘችው። ሻርፔን አስተካክዬ ፊቴን ወደ ሰብሳቢዋ መለስኩ።

ሰብሳቢዋ መቀጮውን ጻፈች። ዝቅተኛውን ነው የጻፈችው። መዝገቡ ተዘጋ። የትም አይሄድም።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ጌኖቬፋ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «አውቄው ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«የመጀመሪያው ዓመት ቀምሼ አወቅሁት። እኔ የምገዛው ነው እኮ።»

«ታዲያ ልትምዪ ለምን መጣሽ?»

«ምን ላድርግ፣» አለች፣ «ብቻሽን ትሂጂ?»

አክስትህ አፖሎኒያ

~

ጎተንበርግ፣ ዲሴምበር 15 ቀን 2000

የተከበሩ አክስቴ፣

ጌታ ይክበር ይመስገን። የሦስት ቀን ራስ ምታቴ የእርስዎ ሥራ ነው፤ ግን በራስ ምታት ይለፍ። ጌኖቬፋ ላይ ለመቆጣት ሞክሬ አልቻልኩም። ሙከራው ራሱ አበሳጨኝ።

ስለ አጎቴ ሂዬሮኒም እጽፍልዎታለሁ ብዬ ነበር። የመጽሐፌን የመጨረሻ ምዕራፍ ጨርሼ ነበር። እዚያ ላይ፣ ከመጀመሪያው አዋጅ እስከ ዘንድሮው ማሻሻያ፣ ከእነዚህ ሕጎች አንዱም የአንዲትን ገበሬ ጓሮ በር አልፎ አልገባም ብዬ ጽፌያለሁ። በማስረጃ ነው የጻፍኩት። የፓርላማ ቃለ ጉባኤ፣ የፖሊስ ሪፖርት፣ የፍርድ ቤት መዝገብ አለኝ። ሕግ የሚያፈርሱ ሰዎች ሲደበቁ ብቻ ነው ያየሁት። ሕጉን አንብቦ፣ ተገንዝቦ፣ ሊያከብረው ቆርጦ የተነሣ አንድ ሰው እንኳ አላገኘሁም።

አሁን አንድ አገኘሁ። ጋዜጣ አንብቦ እንቅልፍ ያጣ ገበሬ። የእናቱን ዘር በገዛ እጁ አቃጠለ፤ ያንን ሲያደርግ እጁ እንዴት እንደነበረ እንጃ። ከዚያ ሕግ ማክበሩን እንደ ወንጀል ደብቆ ሞተ፤ ከመንግሥት ሳይሆን ከእርስዎ። በዚህ አገር ሕግ ያወጡት ሁሉ ይህን ሰው ቢያገኙት ሐውልት በሠሩለት፤ ግን ማንም አላወቀውም፤ እኔም የቀብሩ ቀን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ ስለ ሕግ እጽፍ ነበር።

ምዕራፉን ልቀድደው ነው። አሳታሚው ይቆጣል፤ ይቆጣ። ታሪኩን ልጽፈው ፈቃድዎን እጠይቃለሁ። ካልፈለጉ «አንድ ሰው» ብዬ አልፈዋለሁ፤ ስሙን አልጠራም።

አክባሪዎ ሴቨሪን

~

ስታራ ቮላ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2001

ልጄ ሴቨሪን፣

አዲሱ ዓመት የጤናና የሰላም ይሁንልህ። ዋዜማው አለፈ። ዳቦ ጋገርኩ፤ ዘሩን ጌኖቬፋ ናት ያመጣችልኝ፣ ከሱቅ፣ በወረቀት ከረጢት። በዋዜማው ማዕድ ከሚቀርበው ከአሥራ ሁለቱ ዓይነት ምግብ ቀድሞ ያለቀው እሱ ነው። ማንም ስለ ምንም ነገር አላነሣም፤ ቄሱ ብቻ ሁለተኛ ቁራሽ ሲወስድ አየኝና ሳቀ።

ስሙን ጻፈው። «አንድ ሰው» አይደለም፤ ሙሉ ስሙን፣ የአባቱን ጨምረህ። ዘሩን ያቃጠለው እጁ እንዴት እንደነበረ እንጃ ብለሃል። እኔ ልንገርህ፤ ያን ሰሞን መዳፉ ተላልጦ በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር። ምን ሆንክ ስለው «ምድጃው» አለኝ። ቅባት ቀባሁለትና ሥራዬን ቀጠልኩ።

ያ ይጻፍ። እኔ ምንም እንዳላወቅሁ ግን አትጻፍ፤ ሰው ምን ይለኛል።

መጽሐፉ ሲታተም በፖስታ አትላክልኝ። ይዘኸው ና፤ መቃብሩ ላይ ቆመህ አንብብለት። እኔ እዚያ ከእሱ ጋር ያለኝን ንግግር ጨርሻለሁ፤ ተራው የአንተ ነው።

አክስትህ አፖሎኒያ